የሙጭልጭላዋ ጭራ

እናንተ የኔ ዘመን ሰዎች፣ ሚንክ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የት አያችሁት? እኔ ያየሁት አምባሳደር ሲኒማ ነው፤ በሰው ትከሻ ላይ። ከእኅቴ ጋር ሆነን፣ ለእናታችን ትምህርት አለን ብለን ዋሽተን፣ አንዲት ብስኩት ለሁለት ተካፍለን ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን፣ ፈረንጂቱ ከመኪናዋ ስትወርድ፣ ያ ጥቁር ቡናማ ካፖርት ከትከሻዋ ሸርተት ሲል፣ አንዱ ባለ ባርኔጣ ሮጦ ሲቀበላት፣ እኅቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ሚንክ ይባላል» አለችኝ። ከየት እንደ ሰማችው እንጃ። እኔ ሚንክ ማለት እንደ ቴትሮን፣ እንደ ካኪ፣ እንደ ገበርዲን ያለ የጨርቅ ዓይነት መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርሁ። እግር እንዳላት፣ እንደምትዋኝ፣ ሸርጣን ቆርጥማ እንደምትበላ ማን ነግሮኝ!

ዛሬማ ከሲያትል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ተነድቶልኝ፣ ዲሴፕሽን ፓስ ከሚሉት ድልድይ አጠገብ፣ ሮዛሪዮ ከሚባለው ዐለታማ የባሕር ዳር፣ ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ያቺኑ ሚንክ ከነነፍሷ እጠብቃለሁ። ያኔ ካፖርቱን እያየን እንስሳዋን አናውቅም። አሁን እንስሳዋን እያየን ካፖርቱን የሚለብስ ጠፋ።

በመሃል ግን አንድ ነገር አለ፤ ልናዘዝ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ከካርቱም ተነሥተን ሲያትል ስንገባ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ነበር። ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ሁላችንም ወይ እናጸዳለን፣ ወይ የሰው መኪና እናቆማለን፣ ወይ አየር ማረፊያ ሻንጣ እንገፋለን፤ ዲፕሎማው አልጋ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን የቁም ሣጥኑን በር ከፍቼ ልወለውል ስል ያቺ የአምባሳደር ሲኒማዋ ካፖርት ተንጠልጥላ አትታየኝም! ግራ ቀኝ አየሁ። ለበስኋት። ክብደቷ! ሕፃን ያዘልሁ ነው የመሰለኝ። ወደ መስተዋቱ ዞር ብዬ፣ ከላይ ሚንክ፣ ከታች የጽዳት ሽርጥ፣ እጄ ላይ ቢጫ ጓንት፣ እንደ ፊልሟ ሴትዮ ትከሻዬን ሸርተት ላደርግ ስሞክር በሩ ኳ ኳ ኳ! ነፍሴ ወጣች። ለካስ ወዳጄ ናት፤ ከጎን ያለውን ክፍል የምታጸዳው፣ የባለቤቲቱን ድምፅ በእንግሊዝኛ አስመስላ። ስታየኝ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከሣቋ ብዛት መነሣት አልቻለችም። ከዚያ ተነሣችና «አውልቂ፣ ተራዬ ነው» አለችኝ። ያን ዕለት ማለች፦ «አንድ ቀን የራሴ ትኖረኛለች።» ይህችን መሐላ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የባሕር ዳሩ ነገር የመጣው በዕቁባችን በኩል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ዕቁብ እንጥላለን፣ በበጋ ደግሞ ዕቁቡን ምክንያት አድርገን እንወጣለን። ያኔ መውጣት ማለት መውጣት ነበር እንጂ! ስምንት ሰው በአንድ አሮጌ ረጅም መኪና፣ ሁለት ልጅ ከኋላ ከድስቱ ጋር፣ ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ጭን ላይ፣ የጥላሁን ካሴት ሲጠቀለልበት በእስክሪብቶ እየተጠመዘዘ፣ ካርታው አንዴ ከተዘረጋ እንደ ቀድሞው አልታጠፍ ብሎ የሾፌሩን ፊት እየሸፈነ። አሁን የልጄ መኪና ድምፅ የላትም፣ መንገዱን ራሷ ትናገራለች፣ ስትደክም እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ትሰካለች። ያኔ መኪናው ቤንዚን ይጠጣ ነበር፣ እኛ ደግሞ እንገፋው ነበር።

እዚያ ባሕር ዳር ለመሄድ ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ የደጋ ልጆች ይህን ከየት እናምጣው? ባሕር ማለት ቢሾፍቱ፣ ባሕር ማለት ላንጋኖ፤ ቁጭ ባለበት የሚገኝ ነገር ነው። ይኸኛው ግን በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመለሳል፤ ሁለቱም አካሄዱ እኩል አይደለም፣ አንዱ ብዙ ይሸሻል፣ ሌላው ጥቂት። በበጋ ዋናው ጉድለት ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ ላይ ይውላል፤ በክረምት ሌሊት። ያኔ ይህን የሚናገር ትንሽዬ ቡክሌት ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሻጮች ይገኝ ነበር። ቡክሌቷን የሚይዘው ጋሽ መነጽር ነው፤ እውነተኛ ስሙን ትቼዋለሁ፣ በአንገቱ ዘወትር የርቀት መነጽር ስለሚያንጠለጥል ሁላችንም ጋሽ መነጽር ነው የምንለው።

እንግዲህ በ1985 በጋ፣ ጋሽ መነጽር ለእያንዳንዱ ቤት ደወለና «ባሕሩ አምስት ሰዓት ላይ ይጎድላል፣ እዚያው እንገናኝ» አለ። አያችሁ ጉዱን? ግማሾቻችን አገር ቤት እንዳለን ቆጥረን ረፋድ ላይ ደረስን። ግማሾቹ «አሜሪካ ነው ያለነው» ብለው የፈረንጅ አምስት ሰዓት፣ ማለትም አመሻሹ ላይ ሊመጡ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ለዚያውም ጋሽ መነጽር ቡክሌቷ የበጋውን አንድ ሰዓት እንደማትጨምር ስላላወቀ፣ ረፋድ የደረስነውም አንድ ሰዓት ሙሉ ባሕሩን «ሂድ እንጂ» እያልን ቆመናል። ከሁሉ የከፋው ግን ምን መሰላችሁ? ወጡ እኛ ጋ ነው። እንጀራው እነሱ ጋ። ስልክ ኪስ ውስጥ የለ! ድስቱን ከፍተን እናየዋለን፣ እንዘጋዋለን።

ሆኖም እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ያየናት በረኃባችን ምክንያት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሃያ ሰው ይንጫጫል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ ካሴቱ ያንባርቃል፤ በአካባቢው ያለ ፍጥረት ሁሉ እስከ ካናዳ ይሸሽ ነበር። ያን ዕለት ግን ሁላችን አንጀታችን ታጥፎ፣ ጭጭ ብለን፣ ባሕሩ ጥሎት የሄደው ግንድ ላይ በተርታ ተቀምጠናል። ባሕሩ እየሸሸ፣ ዐለቱ አረንጓዴ ቡናማ የባሕር ሣሩን ለብሶ እያንጸባረቀ፣ በየጉድጓዱ የቀረው ውኃ ውስጥ ሐምራዊ የባሕር ኮከቦች ተለጥፈው፣ ከእግራችን አምስት እርምጃ ላይ ከግንዶቹ መሃል አንዲት ነገር ብቅ አለች።

እርጥብ ነበረች፤ በዘይት የተቀባች ይመስል ጸጉሯ ያብለጨልጫል። አካሏ ሁለት ስንዝር ግድም፣ ጭራዋ አንድ ስንዝር። አገጯ ሥር ነጭ ነጠብጣብ፣ እርጎ ጠጥታ ሳትጠርገው የመጣች። እግሯ አጭር በመሆኑ አትራመድም፤ ወገቧን እንደ ቀስት እያጎበጠች ትወረወራለች። ወደ አንዱ ስንጥቅ ጭንቅላቷን ከተተች፣ አወጣች፤ ወደ ሌላው ከተተች፣ አወጣች፤ ልክ የቤት እመቤት ቁልፍ ጠፍቶባት በየመሳቢያው እንደምታስሰው። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ አለችና ከጭንቅላቷ የሚተልቅ ሸርጣን ይዛ ወጣች። ሸርጣኑም ዋዛ አይደለም፤ ጉንጯን ነክሶ ያዛት። እሷ ራሷን ስታራግፍ፣ እሱ ሲጠብቅ፣ እሷ ዐለት ላይ ስታፈርጠው፣ በመጨረሻ ለቀቀ፤ እየጎተተች ዐለት ሥር ገባች። ከዚያ የሰማነው ድምፅ ብቻ ነው፦ ቅርጭም፣ ቅርጭም፣ ቅርጭም። ተርበን የተቀመጥን ሰዎች ያን ድምፅ ስንሰማ የተሰማንን እናንተው አስቡት!

እኔ ካሜራ ነበረኝ። ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም፣ ከዚያ ውስጥ የቀሩኝ አራት። ያኔ ፎቶ ማንሣት እንደ ጥይት ነው፤ ይቆጠባል። ትንፋሼን ውጬ፣ አነጣጥሬ፣ ጠቅ። ፊልሙን ሰጥቼ፣ ሳምንት ጠብቄ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ ፖስታውን መንገድ ላይ ቀድጄ ሳየው ዐለት አለ፣ የባሕር ሣር አለ፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ ጭራ አለ። ጭራ ብቻ። ያቺ ፎቶ ዛሬም አልበሜ ውስጥ፣ ከክርስትና ፎቶዎች ጎን አለች፤ የሚያገላብጣት ሁሉ «ይህ ምንድን ነው፣ ጎማ ነው?» ይለኛል።

ምን እንደ ሆነች ግን አላወቅንም። ክርክሩ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። አንዱ ድመት ናት ይላል፤ አንዱ ጥርኝ ናት ይላል፤ ልጆቹ የባሕር አይጥ አሏት። ጋሽ መነጽር በመነጽሩ ካያት በኋላ (በተገላቢጦሽ ይዞት እንደ ነበር ወዳጄ ምላ ትናገራለች) «ኦተር ናት» ብሎ ደመደመ። ኦተሩ እንኳ በዚያ ባሕር ዳር ሞልቷል፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን ያምታታል። ነገር ግን ኦተር ክብደቱ እንደ ውሻ ነው፣ የእኛዋ አንድ ኪሎ ስኳር አታህልም። አሁን ቢሆን ስልክ አውጥቶ አንድ ደቂቃ። ያኔ ዘጠኝ ዓመት! ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋታ ይመጣ ነበር በዚያ ዘጠኝ ዓመት። በአንድ ደቂቃ ያለቀ ነገርማ ምን ያጫውታል?

የፈረደችው እናቴ ናት። በ1994 ልትጠይቀን መጣች፤ ቡናዋን፣ በርበሬዋን፣ ሽሮዋን ጭና፣ የአየር ማረፊያውን ፈታሽ «ልጄ፣ ቀስ አድርገህ፣ ይፈስብኛል» እያለች በአማርኛ እያዘዘችው። ወሰድናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ዐለቱ ላይ ቁጭ እንዳለች እንስሳዋ ብቅ ከማለቷ እማዬ ጣቷን ቀስራ «ይቺማ ሙጭልጭላ ናት!» አለች። አለቀ። እኛ የተማርነው፣ ያልተማርነው፣ መነጽር ያንጠለጠልነው ሁሉ ዝም።

ማታ ቤት ስንገባ የስምንተኛ ክፍል ልጄ የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን አወረደችና ሙጭልጭላ ስትል «ዊዝል» የሚል አገኘች። በማግሥቱ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የእንስሳት መጽሐፍ ተዋሰች፤ ዊዝል የሚለውን ገልጣ ዘመዶቿን ሁሉ ታስቆጥረኝ ጀመር። አንዱ ገጽ ላይ ደረሰች። ያቺው! አገጯ ሥር ነጭ፣ ወገቧ ቀስት፣ ከበስተኋላዋ ውኃና ዐለት። «ምን ይላል ስሟ?» አልሁ። «ሚንክ» አለችኝ። «ምን?» «ሚንክ፣ እማዬ። የአሜሪካ ሚንክ።» እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። ያቺ የአምባሳደር ሲኒማዋ! ያቺ የቁም ሣጥኗ! በቢጫ ጓንት የለበስኋት!

ወዲያው ለእማዬ አስረዳኋት፤ ሀብታም ፈረንጅ ካፖርት አድርጎ የሚለብሳት ይቺን ነው፣ ለአንድ ካፖርት ሃምሳም ስልሳም ቆዳ ይፈጃል ብዬ። እማዬ ዳዊት ደጋሚ ናት፤ ቡና ስኒዋን አስቀመጠች። «ሙጭልጭላ በኦሪት ዘሌዋውያን ከርኩሳን ተርታ የተቆጠረች አይደለችም እንዴ? ስልሳ ርኩስ ደራርበው ነው የሚለብሱት?» አማተበች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ይሞቃል?» አለችኝ። ሽታ እንዳላት፣ ስትደነግጥ ከጭራዋ ሥር የሚከረፋ ነገር እንደምትለቅ ስነግራት ደግሞ ዓይኗ በራ፤ «እንደ ጥርኝ ዝባዱ ይወጣላታል?» ከዚያ ወዲያ አሜሪካን በሙሉ ልቧ ወደደችው።

አሁን ወደ ወዳጄ መሐላ። ስልክ ደውዬ «ያቺ የባሕር ድመት እኮ ሚንክ ናት» ስላት ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሣቋ መጣ። ለካስ በዚያው ሳምንት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ፣ በአርባ ዶላር፣ ገበሩ ብብት ላይ የተተረተረ፣ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸት እውነተኛ የሚንክ ካፖርት ገዝታ አልጋዋ ላይ ዘርግታ ታየዋለች። አርባ ዶላር! በ1968 ተጀምሮ ዓመታት በዘለቀው፣ ብላክግላማ በሚባለው የሚንክ ማስታወቂያ ላይ ስማቸው እንኳ መጻፍ ያላስፈለጋቸው ታላላቅ ከዋክብት ጥቁር ሚንክ ተጀቡነው ከየመጽሔቱ ገጽ ያፈጡብን ነበር። በእኛ ጊዜ ደርሶ ከአሮጌ ማንቆርቆሪያና ከጎደለ ስኒ ጎን ተሰቀለላችሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በፋሲካ ማግሥት ወጣን። ሚያዝያ ነው፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሁላችን በጋቢና በወፍራም ጃኬት ተጠቅልለናል። ወዳጄ ግን ከመኪናው ወረደች፣ በካፖርቱ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ትከሻዋን ሸርተት አደረገችው፤ ጋሽ መነጽርም ጨዋታው ገብቶት ባርኔጣውን አንሥቶ ሮጦ ተቀበላት። ዐለቱ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ የዶሮ ቅልጥም በአንድ እጇ። እኛ እየሣቅን ሳለን፣ እናንተዬ፣ ከፊት ለፊቷ ከነበረው ጉድጓድ ያቺ ብቅ አትልም! ራሷን ቀና አደረገች፣ በሁለት እግሯ ቆመች፣ አፍንጫዋን ወደ ካፖርቱ ሰደደች። ወዳጄ ደርቃ ቀረች። አንዷ ባለ አንድ ቆዳ፣ አንዷ ባለ ስልሳ፣ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ወዳጄ የተናገረችውን እስከ ዛሬ ስናስታውስ እንንከባለላለን። በሹክሹክታ፣ እንደ ልቅሶ ቤት፣ «እኔ አይደለሁም። እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለቻት። ሙጭልጭላዋም ናፍታሊኑ አናቷ ላይ ወጣ መሰለኝ አንዴ አስነጥሳ ውኃ ውስጥ ገባች።

ካፖርቱ ከዚያ በኋላ በዐውደ ዓመት ብቻ ይወጣ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ለልጇ ትምህርት ቤት ድራማ ድብ ሆኖ ተወነ።

ዛሬስ? ዛሬ ሁሉ ነገር በሥርዓት ነው። ያኔ መኪናችንን ባገኘንበት እናቆማለን፣ በነጻ። ከ2011 ጀምሮ ግን ዲስከቨር ፓስ የሚሉትን ወረቀት መስተዋት ላይ ካላንጠለጠላችሁ መቀጮ አለ። ያኔ ልጆቹ ከዐለት ዐለት ይዘልላሉ፣ ኮከቡን ነቅለው ባልዲ ይሞላሉ፣ እኛም «ጎበዝ» እንላለን። ነፍሳችንን ይማር! አሁን ገመድ ተዘርግቷል፣ ገመዱን ተከትላችሁ ነው የምትራመዱት፤ ፈቃደኞቹ የዐለቱን ፍጥረት በእግር እንዳንጨፈልቅ በትሕትና ይነግሩናል። እኔ እንኳ ገመዱን ወድጄዋለሁ። ለጉልበቴ መደገፊያ ሆኖኛል።

ድልድዩ በ1935 እንደ ተከፈተ ነው፤ ከሥሩ የሚፈሰው ውኃ ዛሬም እንደ ዓባይ ይገለባበጣል። ከባሕር ዳሩ የቆመው የሳሚሽ ሕዝብ የእንጨት ሐውልትም አለ፣ በ1983 የተተከለው፤ ሕዝቧ ከባሕር የሚበላው እንዳያጣ ብላ ለባሕሩ ሰው የተዳረችው ልጅ ናት። በአንድ ጎኗ ሰው፣ በሌላው የባሕር ፍጥረት። እማዬ ታሪኳ ሲነገራት «ጥሎሽ ሳይሰጥ?» ብላ ነበር።

ሙጭልጭላዋ ራሷ አልተለወጠችም፤ ስሟን ግን ሊቃውንቱ አላስቀምጥ አሏት። መጀመሪያ ሙስቴላ አሏት፣ ኋላ ኒዮቪሰን አሏት፣ አሁን ደግሞ ኒዮጋሌ ሆናለች አለኝ የልጅ ልጄ። እኛ መስቀል አደባባይን አብዮት፣ አብዮትን መልሶ መስቀል ሲሉ ያየን ሰዎች ስለሆንን አልደነቀኝም። እሷም እንደ እኛ ምንም ቢሏት ዞራ አታይ።

ይህ የልጅ ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፤ በእንስሳ ነገር አብዷል። ስልኩ የባሕሩን ጉድለት በደቂቃ ይናገራል፣ ጋሽ መነጽርን ከሥልጣን አውርዶታል። አንድ ዐለት ላይ የደረቀ ነገር ባየ ቁጥር በሆዱ ተኝቶ ፎቶ ያነሣል። «ምንድን ነው የኔ ጌታ?» ስለው፣ «አያቴ፣ ይሄ የሚንክ ካካ ነው! የሸርጣን ቅርፊት አለበት፣ እይ!» ይለኛል በኩራት። እኔም መነጽሬን አድርጌ አያለሁ። እንግዲህ በ1985 ካካ ፎቶ ይነሣል ቢሉኝ፣ ከአራቷ ፊልሜ አንዷን!

ፎቶውን ያንኑ ዕለት ጎተንበርግ ላለችው የአጎቴ ልጅ በዋትስአፕ ይልክላታል። ያኔ እሷ ጋ ድምፄን በካሴት ቀርጬ በሰው እልክ ነበር፣ መልሱ በስድስት ወሩ ይመጣ ነበር፣ ግማሹ የልጅ ለቅሶ። አሁን ሰከንድ ሳይሞላ ትጽፋለች፦ «አንቺ ጋ የአገር ልጅ ናት፣ እኛ ጋ ወረቀት የላትም!» እውነቷን ነው። ስዊድኖቹ በ1920ዎቹ ለቆዳ እርባታ ከአሜሪካ አስመጥተዋት፣ ከየበረቱ አምልጣ በደሴቶቹ ሁሉ ተሠራጭታለች፤ የባሕር ወፍ እንቁላልና ጫጩት ትጨርሳለችና በወጥመድ ያሳድዷታል። የአጎቴ ልጅ ግን ስታያት ለማንም አትናገርም። «እኔም በዚሁ ባሕር ዳር ስደተኛ ነኝ፣ በምን አፌ?» ትላለች።

ባለፈው ሰኔ እንደ ልማዳችን ሄድን። ከዚያ ሁሉ ሰው ቀርተን የምንመላለሰው እኔ፣ ወዳጄና ጋሽ መነጽር ነን፤ የልጅ ልጄ አራተኛችን ነው፤ ሌሎቹ ወይ ቴክሳስ ሞቀን ብለው ሄደዋል፣ ወይ አዲስ አበባ ቤት ሠርተው ተመልሰዋል። ያኔ በፓንኬክ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ይዘን፣ አሁን የጤፉን ከሱቅ ገዝተን። ያኔ ጀበና በጋቢ፣ አሁን ፔርሙስ። ያኔ በረኃብ ዝም አልን፣ አሁን በሐኪም ትእዛዝ እንጎርሳለን። ጋሽ መነጽር ልጆቹ የገዙለትን አዲስ መነጽር ደረቱ ላይ አስቀምጦ በታጣፊው ወንበር ላይ አንቀላፍቷል፣ ያንኮራፋል። ወዳጄ የገብስ ቆሎዋን ይዛ ከኋላዬ ተቀምጣለች።

መጣች። ከዚያው ግንድ ሥር፣ ያቺው ነጭ አገጭ፣ የልጅ ልጅ ልጇ ትሁን እንጃ። ልጁ ስልኩን ደቅኖ ጠጠጠጠጠጠ አደረገው፣ እንደ መትረየስ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ! ቆጥሮ ነው የነገረኝ። እሷ ዐለቱን ዘልላ ተሰወረች። ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እያገላበጥን አየን። ዐለት። ዐለት። የባሕር ሣር። ዐለት። የጋሽ መነጽር ጫማ። ጭራ። ዐለት። ጭራ። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን ከፍቼ ለዚህ ቀን ብዬ ያመጣኋትን የ1985ቷን አወጣሁለት። ጭራ ከጭራ ጋር አጋጥመን፣ ጎንበስ ብለን ስናወዳድር፣ «አያቴ፣ ያንቺ እሱ ትበልጣለች» አለኝ በዚያ ጾታ በሚያምታታ አማርኛው፣ «የኔ ግን ቀለሙ አለው።»

ከኋላችን «እምም! እምም!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል ወዳጄ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ጉንጯ በቆሎ ተወጥሮ፣ በጣቷ ከእግሯ ሥር ያለውን ዐለት ትጠቁማለች። ዐለቱ ላይ እርጥብ የእግር ዱካና አንድ የሸርጣን እግር ብቻ ቀርቷል። ቆሎዋን አላመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

«ሄደች» አለች።